ፓሊዮ ጀመርኩ፤ እንጀራን ለዘለቄታው ልተው?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አርባ ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ማታ ማታ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ዓይነት ሁለት ስኳር አለብሽ ከተባልኩ ወዲህ ሜትፎርሚንና ግሊፒዛይድ እወስዳለሁ። መስከረም ላይ ጂም ያለ አሠልጣኝ ፓሊዮ የሚባል አመጋገብ አስጀመረኝ፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ወተት፣ ስኳር ክልክል፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ። ለስላሳና ሌሊት ሥራ ቦታ የምበላውን ዶናትም ተውኩ። ኪሎ ቀነስኩ፤ የሦስት ወሩ አማካይ ስኳሬም (A1C) ከ8.4 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ግን ከሰዓት በኋላ ያንቀጠቅጠኛል፣ ያልበኛል፣ በሆነው ባልሆነው እቆጣለሁ። አሠልጣኙ ‹መርዝ እየወጣልሽ ነው› ይለኛል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት፤ ለብቻዬ በሰሃን ስበላ ታለቅሳለች። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ደግሞ ‹እንጀራ ያወፍራል› ብላ አልበላም አለች። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ ሥጋና እንቁላል ሲቀር ምን ልበላ ነው? እንጀራንስ ለዘለቄታው ልተው? ቡላስ ይፈቀዳል? ግራ የገባኝ።»

ውድ እህቴ፣

የእንጀራውም የጾሙም ነገር ይደረስበታል። መጀመሪያ መንቀጥቀጡን እንየው፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ ነገ ጠዋት ስልክ አንስተሽ ሐኪም ቤት እንድትደውዪ የሚያደርግሽ እሱ ነው።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልበውና ያለ ምክንያት ሲቆጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስኳር መውረድ ነው። «መርዝ እየወጣ ነው» የሚባለውን ተዪው። መርዝ የሚያስወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ሥራቸውን ሲሠሩ ደግሞ ሰው አያንቀጠቅጡም። ከምትወስጃቸው ሁለት ክኒኖች ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ግሊፒዛይድ ግን ሌላ ነው። ቆሽትሽን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋዋል፤ የበላሽው ጥብስ ይሁን ፓስታ ለእሱ ልዩነት የለውም። ሐኪምሽ መጠኑን የወሰነልሽ ዳቦና ለስላሳ በነበረበት ዘመን ነው። አንቺ ማዕድሽን ቀየርሽ፤ ክኒኑ ግን አልሰማም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያንቀጠቅጥሽ እዚያው ጣትሽን ወግተሽ ለኪ። ቁጥሩ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል ፈጥኖ የሚሠራ ስኳር ውሰጂ፤ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይበቃል። 15 ደቂቃ ጠብቀሽ እንደገና ለኪ፤ ካልወጣ ድገሚው። በእንቁላል ወይም በሥጋ ልመልሰው እንዳትዪ፤ ቅባትና ፕሮቲን በዚያች ሰዓት አይደርሱልሽም። መለኪያው አጠገብሽ ባይኖርም ማሩን ውሰጂና በኋላ ለኪ። (ማር ደግሞ ፓሊዮ ውስጥ የተፈቀደ ነው፤ አሠልጣኙም አይቆጣሽም።) ስኳርሽ ዝቅ እያለ መኪና እንዳትነጂ፤ በተለይ ከሌሊት ሥራ ስትወጪ። ባለቤትሽም ይህን ይወቅ። ንግግርሽ ከተምታታ ወይም ራስሽን ከሳትሽ አፍሽ ውስጥ ምንም ሳይጨምር 911 መደወል ነው ያለበት።

ክኒኑን ግን በራስሽ ፈቃድ አታቋርጪው። ሐኪምሽ ጋ ደውለሽ «አመጋገቤን ከመስከረም ጀምሮ ቀይሬአለሁ፤ ካርቦሃይድሬት በጣም ቀንሻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እንዲህ እንዲህ ያደርገኛል፤ ግሊፒዛይዱ ይቀነስ ወይ?» በያቸው። የለካሽውን ከነሰዓቱ በወረቀት ያዢ። የመድኃኒት መጠን መቀነስ ሽንፈት አይደለም፤ ይልቁንም ልፋትሽ መሥራቱን የሚያሳይ ነው።

አሁን ወደ ፓሊዮው። ከ8.4 ወደ 7 መውረድ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም እንዲያጣጥልብሽ አትፍቀጂ። ጥያቄው ምኑ ነው ያወረደው የሚለው ነው። አሠልጣኙ ምስሩንና ሽሮውን ስለተውሽ ነው ሊልሽ ይችላል። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ለስላሳውና የሌሊቱ ዶናት ላይ ነው። አንድ ቆርቆሮ ኮካ ኮላ ብቻውን 39 ግራም ስኳር አለው። የፓሊዮ ትልቁ ውለታ ፋብሪካ የሠራውን ጣፋጭ፣ ነጭ ዳቦና በዘይት የተጠበሰ ብስኩት በአንድ ቀን ከቤት ጠርጎ ማውጣቱ ነው። ችግሩ አብሮ ጠርጎ ያወጣው ነገር መኖሩ ነው፤ ምስር ወጥ ከዶናት ጋር ተሰልፎ መባረር አልነበረበትም።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ብታውቂ ደግሞ ፍርዱ ይቀልልሻል። በ1985 ቦይድ ኢተንና ሜልቪን ኮነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሰውነታችን የተቀረጸው በድንጋይ ዘመን አደንና ለቀማ ነው፤ እርሻ ከመጣ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ ያም ለሰውነት ለውጥ አጭር ጊዜ ነው የሚል ነበር መከራከሪያቸው። ብልህ ሐሳብ ነው። ግን የድንጋይ ዘመን ሰው አንድ ዓይነት ምግብ አልነበረውም፤ የበላው የኖረበት ምድር የሰጠውን ነው። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ እኛ ሐበሾች ብዙ የምንለው አለን። እስከዛሬ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎች መካከል 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የተቆፈሩት አፋር፣ ጎና ውስጥ ነው። ባሌ ተራራ ላይ ደግሞ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ ጥላ አለ፤ ከ30 ሺህ ዓመት በፊት እዚያ ብርድ ላይ የኖሩ ሰዎች በብዛት ሲበሉ የነበሩት ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው ነው፤ አጥንቱ ክምር ሆኖ ተገኝቷል። እውነተኛ የኢትዮጵያ ፓሊዮ ካማረሽ እንግዲህ እሱ ነው! በሌላ በኩል ገሊላ ባሕር ዳርቻ፣ ኦሃሎ የተባለ ቦታ 23 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው ሰፈር ተቆፍሮ የዱር ገብስና የዱር ስንዴ ፍሬ፣ እህል የተፈጨበት ድንጋይም ተገኝቷል። እርሻ ገና ሳይታሰብ ማለት ነው። «የጥንት ሰው እህል አልነካም» የሚለው ከቁፋሮው ጋር አይገጥምም።

ጥናቶቹስ? አሉ፤ ዋናዎቹ ስዊድን ውስጥ የተሠሩ ናቸው። በ2007 የወጣው የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሙከራ የልብ ሕመምና የስኳር መዛባት ያለባቸውን 29 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታተለ፤ ፓሊዮ የበሉት ሙሉ እህል ካለበት የሜዲትራኒያን ዓይነት ምግብ ከበሉት ይልቅ የስኳር አያያዛቸው ተሻለ። ይህ ለአንቺ ደስ የሚል ወሬ ነው። በ2014 የወጣው የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲው ጥናት ግን 70 ወፈር ያሉና የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ለሁለት ዓመት ይዞ ነበር፤ በስድስተኛው ወር ፓሊዮዎቹ በክብደት ቀድመው ሲታዩ፣ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከተለመደው የስዊድን ጤናማ አመጋገብ ጋር የነበራቸው ልዩነት ጠፋ። ሰው ጥብቅ ሕግ ለስድስት ወር ይችላል። አንቺ አሁን አምስተኛ ወርሽ ላይ ነሽ፤ እናትሽ እያለቀሱ፣ ጾም እየገባ።

ጥራጥሬ ላይ የሚነሳውን ክስም ልንካው፤ «ሌክቲን (ጥራጥሬ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) አለበት» ይላሉ። በጥሬ ቦሎቄ ከሆነ ልክ ናቸው፤ ጥሬውን የበላ ክፉኛ ይታመማል። የተቆላ፣ የተፈጨ፣ ከዚያም ድስት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የተንተከተከ ሽሮ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሙቀቱ ያጠፋዋል። ሌላው ክስ በጥራጥሬም በእህልም ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረትና ዚንክ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ ይይዛል የሚል ነው። እሱንም ቢሆን የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ ይቀንሳል፤ እናትሽ ሊጡን ሦስት ቀን ሲያስቀምጡ ያለ ምክንያት አይደለም። የበሰለ ምስር አንድ ኩባያው 18 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 15 ግራም ገደማ ፋይበር ይሰጥሻል፤ ፋይበሩ ስኳሩ ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ለስኳር ሕመምተኛ ከዚህ የተሻለ ምግብ ፈልጊ ብትዪኝ እቸገራለሁ።

እንጀራ ግን እውነቱ ይነገር፤ ካርቦሃይድሬት ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለው። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ፣ ካልሲየምና ፋይበርም ስላለው ከነጭ ዳቦ ይሻላል፤ ነገር ግን ሁለት እንጀራ በልቶ «ጤፍ እኮ ነው» ማለት አይሠራም። ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሱቅ የምትገዢው ሁሉ ጤፍ እንዳይመስልሽ። ገብስ፣ ስንዴ ወይም የኬክ ዱቄት የተቀላቀለበት ብዙ ነው፤ ማሸጊያውን አንብቢ፣ ካልተጻፈ ባለቤቷን ጠይቂ።

እኔ የምልሽ ይህን ነው፤ እንጀራን በአሠልጣኝ ቃል አትተዪው፣ በእናትሽም ቃል አትመልሺው፤ በራስሽ ጣት ለኪው። መድኃኒቱ ከተስተካከለ በኋላ፣ ዕረፍትሽ በሆነ ቀን፣ ከምግብ በፊት ለኪ። ከዚያ ሩብ እንጀራ በብዙ ጎመንና በምስር ወይም በሥጋ ወጥ ብዪ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከጎረስሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ለኪ። ለአብዛኛው የስኳር ሕመምተኛ ከ180 በታች መሆን አለበት ይባላል፤ ሐኪምሽ ሌላ ቁጥር ከሰጡሽ የእሳቸውን ያዢ። በሌላ ቀን ግማሽ አድርገሽ ሞክሪ። በሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ ግማሽ በልተሽ 15 ደቂቃ በእግርሽ ተራመጂና እዪው፤ የእግር ጉዞው ምን ያህል እንደሚያወርደው ስታዪ ትገረሚያለሽ። በዚህ መንገድ የትኛው እንጀራ፣ በምን ያህል፣ ከምን ጋር እንደሚስማማሽ ታውቂያለሽ፤ መጽሐፍም አሠልጣኝም የማይነግርሽ ይህን ነው።

ትሪ ላይ አብሮ መብላት አንድ ወጥመድ አለው። ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ በተለይ መጨረሻ ላይ ወጡን ጠጥቶ ከሥር የሚቀረው እንጀራ፣ ያ ሁሉም የሚሻማበት። መፍትሔው ቀላል ነው። ምግቡ እንደቀረበ ሩብ እንጀራሽን ቁረጪና በአንቺ በኩል አኑሪ፤ እሱ ሲያልቅ ወጡንና ጎመኑን በማንኪያ ቀጥዪ። የሥሩን ለልጆቹ ተዪላቸው። እናትሽ ሲያጎርሱሽ ግን ጉረሺ። አንድ ጉርሻ ስኳርሽን አያናጋውም፤ እምቢታሽ ግን ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡ እናትን ያናጋል። እሳቸው የሚያለቅሱት ስለ እንጀራው አይመስለኝም። ልጃቸው ታማለች፣ ከስታለች፣ ለብቻዋ ትበላለች፤ በእኛ ቤት ደግሞ ለብቻ መብላት የተጣላ ሰው ነገር ነው። የስኳር መለኪያውን አሳዪያቸው፤ ቁጥሩን አብረው ይዩት። ከሳምንት በኋላ «ዛሬስ ስንት ወጣ?» ብለው የሚጠይቁሽ እሳቸው ናቸው፤ ጎመኑም በየቀኑ ይሠራልሻል።

ከሁሉም ያሳሰበኝ ግን የልጅሽ ነገር ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ያወፍራል» ብላ ምግብ ስትተው ቀላል አይደለም። ስኳር የለባትም፤ የምታድግ ልጅ ናት፤ እንጀራም ወተትም ምስርም ያስፈልጋታል። ልጆች የምንነግራቸውን ሳይሆን የምናደርገውን ነው የሚቀዱት፤ አንቺ ከማዕዱ ርቀሽ ስትበዪና ሚዛን ላይ ስትወጪ እያየች ነው። እንግዲህ እሷ ባለችበት «መጥፎ ምግብ»፣ «ያወፍራል»፣ «ዛሬ አጠፋሁ» የሚሉ ቃላት ይቁሙ። «እማዬ ስኳር ስላለባት ነው የምትመጥነው፤ አንቺ የለብሽም» በያት፤ ይገባታል። አብረሻት ተቀምጠሽ ስትበዪ ማየቷ ደግሞ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ከጥቂት ሳምንት በኋላም ምግብ መምረጧን ከቀጠለች ወይም ከከሳች ለልጆች ሐኪሟ ንገሪ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ጥብቅ ፓሊዮንና ዐቢይ ጾምን አንድ ላይ መያዝ አትችዪም። አንዱ እህልና ጥራጥሬን ከለከለ፤ ሌላው ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤን። የሚተርፍልሽ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ አቮካዶና ተልባ ነው፤ በእነሱ ብቻ 55 ቀን መቆየት ጾም መሆኑ ቀርቶ ረሃብ ይሆናል፤ ግሊፒዛይድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ መጾም ከፈለግሽ ጥራጥሬውን መልሺው፤ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ አዚፋ፣ ሽምብራ። የፓሊዮውን ጥሩ ጎን ግን አትልቀቂው፤ ለስላሳ የለም፣ ኬክ የለም፣ ትሪው ግማሹ አትክልት ይሁን። «የጾም» የሚል ስለተለጠፈበት ብቻ ሳምቡሳው፣ የተጠበሰ ድንቹ፣ ዳቦ በማርማላታውና ሦስት ስኳር ያለው ሻይ ጤናማ አይሆኑም፤ በጾም ወፍሮ የሚወጣ ሰው እኮ ብዙ ነው። ዓሣ ላይ ምእመናን ይለያያሉ፤ እሱን ለንስሐ አባትሽ ተዪው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትን ግን ሐኪምሽ መድኃኒቱን ሳያስተካክሉ እንዳትሞክሪው። ሌሊት ሠርተሽ፣ ክኒን ውጠሽ፣ ባዶ ሆድሽን እስከ ዘጠኝ መዋል ማለት መንቀጥቀጡን ራስሽ መጥራት ነው። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም፤ ለንስሐ አባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ረመዳን ለምትይዙ እኅቶችና ወንድሞችም ነገሩ ያው ነው፤ የክኒኑ ሰዓትና መጠን ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር ይስተካከል።

ጥቂት የቀሩ ነገሮች አሉ። ፓሊዮ የጀመሩ ሰዎች «የተፈጥሮ ጨው» እያሉ የገበታውን ጨው ይተዋሉ፤ አዮዲኑ ያለው ግን በገበታው ጨው ነው። ስዊድን ውስጥም ከፓሊዮ ቡድን አዮዲን መቀነሱ ታይቷል። እንቅርት ካለበት አገር ለመጣን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አዮዲን ያለውን ጨው ግዢ፣ ግን በልኩ። ወተት ካቆምሽ ካልሲየሙን ከጎመን ፈልጊ። ሥጋ ስላበዛሽ የሽንት ፕሮቲንና የኩላሊት ምርመራ መቼ እንዳደረግሽ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ኩላሊቱ የተነካ የስኳር ሕመምተኛ ሥጋ ይመጥናል። ሜትፎርሚን በረጅም ጊዜ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል፤ ጾም ሲጨመርበት ይብሳል፤ አብሮ ይታይልሽ። ክትፎውም ለብለብ ሳይሆን በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ይህን ስጽፍ የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

እንቅልፍሽን አልጻፍሽልኝም፤ የሌሊት ሠራተኛ ስለሆንሽ ግን እገምታለሁ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰሽ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? እንቅልፍ ያጣ ሰው ኢንሱሊኑ በደንብ አይሠራለትም፤ በዚያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ጣፋጭ ያሰኘዋል። እናትሽ እዚህ እያሉ ልጆቹን በማድረስና በመቀበል ያግዙሽ፤ መጋረጃውን ዘግተሽ፣ ስልኩን ከክፍል አውጥተሽ ተኚ። እሳቸውም ወጥ ሠርተው ሲገፉ ከመዋል እንዲህ ያለ እርዳታ ቢሰጡሽ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ቡላን ጠየቅሽኝ። እንሰት እህል አይደለም፣ ጥራጥሬም አይደለም፤ ስለዚህ በፓሊዮ ሕግ ቡላም ቆጮም ያልፋሉ፤ ኦቾሎኒ ግን ጥራጥሬ ነው ተብሎ ይከለከላል። ቡላ ደግሞ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ስታርች ነው፤ ገንፎ አድርገሽ ብትበዪው ስኳርሽን ከምስር ወጥ ይልቅ በፍጥነት ሊያወጣው ይችላል። ካማረሽ ትንሽ ብዪ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክተሽ ቁጥሩን ለአሠልጣኝሽም አሳዪው።